ለምለሟ ጅማም ሰው ትሸኛለች

የአየር ንብረት ለውጥ ሰውን ያሰድዳል ሲባል ቶሎ ዓይናችን ላይ የሚመጣው የተሰነጣጠቀ መሬት ነው። የወደቀ ከብት። ቢጫ ጀሪካን የተሰለፈበት የውኃ ቦቴ። ቦረና፣ ሶማሌ፣ አፋር። ጅማ እዚህ ሥዕል ውስጥ ገብታ አታውቅም። እንዴትስ ትግባ? በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች። ዝናቡ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት አይለቃትም። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚመጣ እንግዳ ከመኪና ሳይወርድ አረንጓዴነቷን ማድነቅ ይጀምራል።

አረንጓዴነቱ ግን ያዘናጋል። ጅማና አካባቢዋ የአየር ንብረት የሚያንቀሳቅሰውን ሰው ከሁለቱም በኩል ያውቁታል። ከአርባ ዓመት በላይ ድርቅ ያፈናቀለውን ሲቀበሉ ኖረዋል። አሁን ደግሞ የራሳቸውን ልጆች ይሸኛሉ። ሽኝቱ ዜና የማይሆነው በአንድ ሌሊት ስለማይፈጸም ነው። በቤተሰብ የገቢና ወጪ ሒሳብ ውስጥ ቀስ ብሎ ያልፋል።

መናኸሪያ ሄዳችሁ ከሊሙ ወይም ከኦሞ ናዳ አሁን የወረደውን ልጅ ለምን መጣህ ብትሉት "ሥራ ፍለጋ" ይላችኋል። ትንሽ ከተግባባችሁ "መሬቷ አልበቃችንም" ወይም "ብድር አለብን" ይጨምራል። የአየር ንብረት ለውጥ የሚል ሰው አታገኙም። ገበሬው ስለ ሰማዩ ስለማያውቅ አይደለም፤ ከማንም በላይ ያውቃል። ዝናቡ ከተበላሸበት ቀን አንስቶ ልጁ አውቶቡስ እስከሚሳፈርበት ቀን ድረስ መሐል ላይ ብዙ ደረጃ አለ። ልጁ የሚነግራችሁ የመጨረሻውን ደረጃ ነው። የመጀመሪያውን ለማየት ወደ ቡናው መሄድ ያስፈልጋል።

ማሳው ሳይነቃነቅ ወደ ቆላ ሲወርድ

የአረቢካ ቡና ቅምጥል ነው። ደስ የሚለው የሙቀት መጠን ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ፍሬው ቶሎ ይበስላል፣ ጥራቱ ይወርዳል፣ ዛፉ ይደክማል። የኢትዮጵያ አማካይ የሙቀት መጠን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባሉት ዓመታት በ1.3 ዲግሪ ጨምሯል።

1.3 ዲግሪ ሲሉት ምንም አይመስልም። በተራራ ሲለካ ግን ይታያል። ወደ ላይ 100 ሜትር በወጣን ቁጥር ሙቀቱ በግምት 0.6 ዲግሪ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት 1.3 ዲግሪ ማለት ከ200 ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ከፍታ ነው። ማሳው ከቦታው ሳይነቃነቅ 200 ሜትር ወደ ቆላ ወረደ እንደማለት ነው። ከፍ ብሎ ለተከለ ገበሬ ይህ ላይጎዳው ይችላል። ድሮውንም ዳር ላይ ለነበረው፣ በደዴሳና በጊቤ ሸለቆዎች አቅጣጫ ላለው፣ ትልቅ ጉዳይ ነው።

ስለ ጅማ ከማውቃቸው የምርምር ውጤቶች ሁሉ የሚያስደነግጠኝ ስለ አንዲት ትንሽ ጢንዚዛ የተጻፈው ነው። የቡናን ፍሬ ቦርቡራ ገብታ እዚያው ትራባለች። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት የጅማን የሙቀት መረጃ አገላብጦ አንድ ነገር አገኘ። እ.ኤ.አ. እስከ 1984 ድረስ አካባቢው ለዚህች ነፍሳት በጣም ቀዝቃዛ ስለነበር በዓመት አንድ ትውልድ እንኳ መጨረስ አትችልም ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን በአንድ የቡና ወቅት አንድ ሁለቴ የምትራባበት ሙቀት ተገኘ። ማንም ሳይጋብዛት በሩ ተከፈተላት።

ከሙቀቱ በላይ ገበሬውን የሚያናድደው የዝናቡ ጊዜ መዛባት ነው። ቡና የሚያብበው ከደረቁ ወራት በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ሲነካው ነው። ያ ዝናብ ያለጊዜው መጥቶ እንዲያብብ ያደርገውና ተመልሶ ከጠፋ፣ አበባው ይረግፋል። የረገፈ አበባ የዓመቱ ገቢ ነው። ወይም ደግሞ ሁሉ ነገር በደህና ሄዶ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ቡናው ማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ሳለ፣ ያልታሰበ ዝናብ ይወርዳል። ጀንፈሉ፣ ከነልጡ የሚደርቀው ቡና፣ ይሻግታል። በአጠቃላይ የዘነበው ውኃ መጠን ሲደመር ከአምናው ላያንስ ይችላል። ሪፖርት ላይ "መደበኛ ዝናብ" ተብሎ ይጻፋል። ገበሬው ግን ከስሯል። ለዚህ ነው የጅማን ችግር በዝናብ መጠን ብቻ የሚለካ ሰው ምንም ችግር የማይታየው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። እንበልና በጎማ ወረዳ አንድ ሄክታር የማትሞላ የቡና መሬት ያለው ቤተሰብ አለ። ትልቁ ገንዘብ በዓመት አንዴ፣ በለቀማ ወቅት ይመጣል። በዚያ ገንዘብ ብድር ይከፈላል፣ ቆርቆሮ ይገዛል፣ ልጅ ይዳራል። ከሰኔ በኋላ ኪስ ይራቆታል። በደህናው ዓመት ይህን ክፍተት በበቆሎና በጎደሬ፣ በእቁብና በዘመድ ይሻገሩታል። አበባው በረገፈበት ዓመት ግን ከነጋዴ ደጅ መቆም ይመጣል። ነጋዴው የከርሞውን ቡና ገና በአበባው ይገዛል። በስንት? ለቀማ ላይ ከሚያወጣው በብዙ ያነሰ። ስለዚህ የሚቀጥለው ምርት ጥሩ ቢሆንም ግማሹ ቀድሞ ተበልቷል። ሁለተኛ መጥፎ ዓመት ከተደገመ ላሟ ትሸጣለች። ሦስተኛው ላይ የሚሸጥ ነገር ያልቅና ሰው ይወጣል።

የሚወጣው ማን ነው? ብዙ ጊዜ ወንዱ ልጅ ወደ ጅማ ወይም ወደ አዲስ አበባ ነው፤ ለቀን ሥራ፣ ለባጃጅ፣ ለሊስትሮ። ሴቷ ደግሞ በደላላ በኩል ወደ ዓረብ አገር። ጅማ ዞን ለቤት ሠራተኝነት ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ሴቶችን በብዛት ከሚልኩ የአገሪቱ አካባቢዎች አንዱ ነው። እያንዳንዷ ልጅ በቡና ምክንያት ሄደች ማለቴ አይደለም። ጎረቤቷ ሄዳ ቤት ስለሠራች የምትሄድም አለች። ግን የደላላውን ክፍያ ለመሸፈን ምን እንደተሸጠ፣ ለምን በዚያ ዓመት እንደተወሰነ ስትጠይቁ ቡናው ከታሪኩ ውስጥ ብቅ ይላል።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የአረቢካ ዋጋ በዓለም ገበያ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ወጥቶ ነበር። ከዋና ምክንያቶቹ አንዱ ብራዚልን የመታው ድርቅ ነው። የብራዚል ገበሬ ሲከስር የጎማ ገበሬ እሰየው አለ። ቡናውን በአበባው የሸጠው ግን ዋጋው ሲወጣ ቆሞ ነው ያየው።

ከመሰደድ በፊት ሌላ መውጫ አለ፤ ቡናውን ነቅሎ ጫት መትከል። ጫት በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል፣ ገንዘቡ ቶሎ ይገባል፣ የዝናብ መዛባትን ከቡና በተሻለ ይችላል። ቡናን የነቀለውን ገበሬ የሚወቅሱ ብዙ ስብሰባዎች አሉ። እኔ አልወቅሰውም፣ ሒሳቡ ትክክል ነው። ችግሩ አብሮ የሚሄደው ነው። ቡና ከነጥላ ዛፉ ነው የሚኖረው፤ ዋንዛው፣ ብርብራው። ጥላው በቡናው ዙሪያ ያለውን ሙቀት በጥቂት ዲግሪ ያበርዳል፣ ቅጠሉ አፈር ይሆናል፣ ሥሩ ተዳፋቱን ይይዛል። ጫት ሲገባ ጥላው ይቆረጣል። ባህር ዛፍ ሲገባማ ጭራሽ። ከዚያ በኋላ የሚወርደው ዝናብ አፈሩን ይዞት ይሄዳል።

የት? ከኦሞ ናዳ፣ ከቀርሳና ከጥሮ አፈታ የሚታጠበው አፈር ግልገል ጊቤ ይገባል። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የግልገል ጊቤ ቁጥር አንድ ግድብ ሰው ሠራሽ ሐይቅ በደለል ይሞላል። የአንድ ገበሬ ተዳፋት ጉዳይ የአገር መብራት ጉዳይ የሚሆነው እንዲህ ነው። ያው ግድብ ሲሠራ ደግሞ ገበሬዎችን ከለም መሬታቸው አስነስቷል። ልማት የሚያፈናቅለውን ሰው ከአካባቢ ስደተኞች ተርታ የሚቆጥረው የለም፤ መቆጠር ግን ነበረበት።

ወደፊትስ? እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ሰፊ ጥናት ምንም ካልተደረገ ዛሬ ቡና ከሚበቅልበት የኢትዮጵያ መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው በዚህ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለቡና የማይመች ሊሆን ይችላል ይላል። ይኸው ጥናት ጥሩ ዜናም አለው። ቡናው ወደ ከፍታ ከተዛወረና ደን ከተጠበቀ፣ ለቡና የሚስማማው መሬት አሁን ካለው ከአራት እጥፍ በላይ ሊሆን ይችላል። ወረቀት ላይ ግሩም ነው። መሬት ላይ ስትወርዱ ግን በጅማ በኩል ከፍታ ማለት ጌራ ነው፣ ሰጠማ ነው፣ ሲግሞ ነው። ባዶ ቦታ አይደለም። በለጠ ጌራን የመሰለ ደን አለ። እንሰትና ገብስ የሚያለማ፣ ከብት የሚያረባ ባለቤት አለ። ቡናው ሽቅብ ሲወጣ ሰውም ይከተለዋል። ከታች ያለው ወጣት ከላይ መሬት ለማግኘት ወይ ደን ይመነጥራል፣ ወይ የሌላውን ይዞታ ይከራያል። የቡናን ፍልሰት የሚተነብየው ካርታ የሰውን ፍልሰት አላሳየም።

ቀድመው የመጡት

ጅማ የድርቅ ስደተኛ ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ አይደለም። የ77ቱ ድርቅ ወሎንና ትግራይን ሲፈጅ ደርግ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው አንስቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አጓጓዘ። ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ጋምቤላ፣ መተከል፤ ያኔ ዋና ከተማው ጅማ የነበረው ከፋ ክፍለ አገርም አንዱ ነበር። በፈቃዱ የሄደ አለ። በግድ የተጫነም አለ። ደገኛው ሰው ቆላ ወርዶ ከወባና ከቆላ ዝንብ ጋር ተፋጠጠ። በሽታው ብዙ ሰው ጨረሰ። መንግሥት ሲወድቅ በርካቶች በእግራቸውም ቢሆን ተመለሱ። የቀሩት ዛሬ አያት ሆነዋል።

ኢሕአዴግም በ1995 ዓ.ም. ሰፈራውን በሌላ መልክ አመጣው። በሦስት ዓመት ውስጥ 440 ሺህ አባወራ፣ ማለትም 2.2 ሚሊዮን ሰው በየክልሉ ውስጥ ለማስፈር ነበር ዕቅዱ። መሬቱ ካለቀበትና ዝናቡ ከራቀው ከሐረርጌ የተነሡ ቤተሰቦች ከጅማ በሰሜን ምዕራብ በደዴሳ ሸለቆ፣ ጨዋቃ ላይ ሰፈሩ። ብዙዎቹ እህል በልተው አደሩ፤ ይህ መካድ የለበትም። ዛፉ ግን ተመነጠረ። አሁን እዚያ የተወለዱት ልጆች ለአካለ መጠን ደርሰዋል። ለአባቱ የተሰጠው መሬት ለአምስት ወንድም አይከፈልም። ድርቅን ሸሽቶ የመጣ ሰው ልጅ፣ የመሬት ጥበትን ሸሽቶ ሊሄድ ነው።

ስለ ስደት ስናወራ የምንረሳቸው ሌሎች አሉ፤ ቡና ለቃሚዎቹ። በለቀማ ወቅት ከሐዲያ፣ ከከምባታ፣ ከዳውሮና ከየም ወደ ሊሙና ወደ ሌሎች የቡና ወረዳዎች የሚመጣው ሰው ብዙ ነው። መሬት ጠባብ ከሆነበት አገር መጥቶ በጥቂት ወር ለማዳበሪያና ለዓመት ልብስ የሚሆነውን ይዞ ይመለሳል። ቡናው ባልያዘበት ዓመት እነሱም ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ከሐዲያና ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚወስደውን መንገድ ሁላችንም ሰምተናል። በጅማ የረገፈ አበባ ሆሳዕና ላይ ለጉዞ ከሚገፉት ነገሮች አንዱ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ዓይነቱን ግንኙነት በአንድ ወረዳ ሪፖርት ውስጥ ማንም አያገኘውም።

መሄድ ያቃተው

የሄደ ይታያል። ያልሄደስ? ሁለት ተመራማሪዎች የኢትዮጵያን ገጠር ቤተሰቦች ለዓመታት የተከታተለ መረጃ ተንትነው እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት ጥናት አለ። ድርቅ ሲከፋ ወንዶች ለሥራ የሚያደርጉት ፍልሰት ይጨምራል። ሴቶች በጋብቻ ከቤት የሚወጡበት ግን ይቀንሳል። ነገሩ ቀላል ነው፤ ለሠርግ የሚሆን ገንዘብ የለም። ያው ድርቅ ወንድሙን አስነስቶ እህቱን ቤት ያስቀምጣታል።

መሰደድ ገንዘብ ይፈልጋል። ትራንስፖርት፣ ከተማ የሚቀበል ዘመድ፣ የመጀመሪያው ወር ኪራይ። ከሁሉ የደኸየው እነዚህ የሉትም። መሬትም ያስራል። የገጠር መሬት አይሸጥም፤ ሸጦ መነሻ ማድረግ የለም። የኦሮሚያ የ1999 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ገበሬው ከይዞታው እስከ ግማሹ ብቻ እንዲያከራይ ነው የፈቀደው። ስለዚህ ቤተሰቡ ተጠራርጎ አይሄድም። አንዱን ልኮ ሌላው መሬቱን ይጠብቃል። ይህ በጎ ጎንም አለው፤ ሁሉም ነቅሎ ከተማ ቢገባ ምን ይውጠን ነበር? ግን ስደቱን በቤተሰብ ደረጃ የማይታይ ያደርገዋል። ጎጆው አለ፣ ጭሱ ይጨሳል፣ ሁለት ልጆች ግን የሉም።

የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ግምት በ2050 በስድስት የዓለም ክፍሎች እስከ 216 ሚሊዮን ሰው በገዛ አገሩ ውስጥ በአየር ንብረት ምክንያት ሊፈልስ ይችላል። ከሰሐራ በታች ያለው አፍሪካ ድርሻ እስከ 86 ሚሊዮን ነው። በአውሮፓ ጋዜጦች ይህ ቁጥር ወደ እነሱ እንደሚጎርፍ ሰው ተደርጎ ሲነበብ አያለሁ። ስሌቱ ግን ከመጀመሪያውም በአገር ውስጥ ስለሚንቀሳቀሰው ነው። ከሰጠማ የተነሣው አጋሮ ይገባል፣ ከአጋሮ የተነሣው ጅማ። ሸክሙን የሚያነሣው የድሃ አገር መካከለኛ ከተማ ነው።

ሕጉም ለእነዚህ ሰዎች ስም የለውም። እ.ኤ.አ. የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት የሚያውቀው በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በማኅበራዊ ቡድኑ ወይም በፖለቲካ አቋሙ ምክንያት መሳደድ የሚፈራውን ነው። ስለ አገር ውስጥ ተፈናቃዮች የሚደነግገው የአፍሪካው የካምፓላ ስምምነት ይሻላል፤ በተፈጥሮ አደጋ የተፈናቀለውን ያካትታል፣ የአየር ንብረት ለውጥንም በስሙ ይጠራል። ኢትዮጵያም በ2012 ዓ.ም. አጽድቃዋለች። ጎርፍ ቤቱን የወሰደበት ሰው በዚህ ማዕቀፍ ሊመዘገብ ይችላል። ሦስት ዓመት ተከታትሎ ቡናው የረገፈበት ግን ተፈናቃይ አይባልም፤ ሥራ ፈላጊ ነው።

በሌላ በኩል ሁሉንም በሰማይ ማሳበብም ልክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ኢትዮጵያ በግጭት ምክንያት በአገር ውስጥ በተፈናቀለ ሰው ከዓለም አንደኛ ነበረች፤ በዓመቱ 2.9 ሚሊዮን አዲስ መፈናቀል ተመዝግቧል። ያን ያመጣው ድርቅ ነው ማለት ማላገጥ ነው። የመሬት ጥበት፣ የማዳበሪያ ዋጋ፣ የቡና ግብይት፣ አስተዳደሩ፤ ሁሉም ድርሻ አለው። እውነቱን ለመናገር "የአየር ንብረት ለውጥ" ለአንዳንድ ባለሥልጣን ምቹ ሰበብ ሆናለች። ማዳበሪያ ሲዘገይም እሷ፣ መንገድ ሲፈርስም እሷ።

ጅማ ከተማ ራሷ ምን እያደረገች ነው? በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 121 ሺህ ያህል ነዋሪ ነበራት። ከዚያ ወዲህ ቆጠራ አልተደረገም፤ በዓይን ያየ ሁሉ ግን ከተማዋ ምን ያህል እንደለጠጠች ያውቃል። አዲስ መጪው ርካሽ ኪራይ ወዳለበት ይሄዳል። ርካሹ ደግሞ ውኃ የሚተኛበት ነው፤ የወንዝ ዳር፣ የረግረግ ጠርዝ። የቦዬ ረግረግ ድሮ የክረምቱን ውኃ ይይዝ ነበር። ዛሬ ጡብ ይመረትበታል፣ ባህር ዛፍ ይተከልበታል፣ ዳር ዳሩ ይታረሳል። ረግረጉ በጠበበ ቁጥር ውኃው ወደ ቤቶቹ ይጠጋል። ገጠር ያለውን ችግር ሸሽቶ የመጣ ሰው ከተማ ውስጥ ሌላውን ፊት ለፊት ያገኘዋል።

መፍትሔ ሲነሣ ችግኝ ተከላ ይቀድማል። ይተከል። ለጅማ ግን ከዚያ የቀረበ ሥራ አለ ብዬ አምናለሁ፤ የቡና ጉንደላ። ያረጀውን ዛፍ ከታች ቆርጦ እንደገና እንዲያቆጠቁጥ ማድረግ ነው። ከጥላ ዛፍ ጋር ከተሠራ ምርቱ ይመለሳል። መልኮ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከልም በሽታ የሚቋቋሙ ዝርያዎችን ሲያወጣ ቆይቷል። ገበሬው ጉንደላ ጥሩ መሆኑን ያውቃል። የሚያስፈራው ሌላ ነው፤ የተጎነደለ ቡና ለሁለትና ለሦስት ዓመት አይለቀምም። በእነዚያ ዓመታት ቤተሰቡ ምን ይበላል? ሴፍቲኔት የሚሰጠው ሥር የሰደደ የምግብ እጥረት አለባቸው ለተባሉ ወረዳዎች ነው። ለምለም የሚባሉት የቡና ወረዳዎች የእሱ ዋና ዒላማ ሆነው አያውቁም። ባንክ ለተጎነደለ ቡና አያበድርም። ያለው አበዳሪ ቡናን በአበባው የሚገዛው ነው፤ እሱም ቢሆን አበባ ማየት ይፈልጋል።

ስለዚህ ገበሬው ያረጀውን ዛፍ እንደያዘ ይቀጥላል፣ ወይ ይነቅለዋል። ለሁለት ሦስት ዓመት በተመጣጣኝ ወለድ የሚሰጥ ብድር፣ ለሚጎነድል ቤተሰብ የእህል ድጎማ፣ በማኅበር በኩል ከነጋዴው የተሻለ ቅድመ ክፍያ፤ እነዚህ በየወረዳው ሊጀመሩ የሚችሉ ነገሮች ናቸው። የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን አለ፣ መዋቅሩ አለ። በጀት ሲያዝ ግን ይህ ወጪ "የቡና ልማት" ከሚለው ሥር ይገባና የችግኝ ቁጥር ይሆናል። ከፍልሰት ጉዳይ ጋር አገናኝቶ የሚያየው መሥሪያ ቤት እስካሁን የለም። የሥራና ክህሎት ሰዎች ስለ ዓረብ አገር ተጓዦች ለብቻቸው ይሰበሰባሉ፣ የግብርና ሰዎች ስለ ጉንደላ ለብቻቸው።